የታሕቱ ነገር

በሎንዶን የሕዝብ ጤና ትምህርቷን ፈጽማ በቅርቡ በእኛ ክፍል የተመደበች አንዲት ወጣት ባለሙያ፣ ለክትባት ሽፋን ጥናት ቤት ለቤት የሚዞሩትን ቡድኖች የውሎ አበል ሰነድ ስታገላብጥ ቆይታ፣ «ጋሼ፣ እዚያ እኮ ዕድሜያቸው 65 ዓመት ከሞላ ሰዎች መካከል ስንቱ የዘንድሮውን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እንደ ወሰዱ፣ ወቅቱ ሲደርስ ከሐኪሞቹ መዝገብ በየሳምንቱ ይታወቃል፤ እኛስ የየወረዳው ሪፖርት በየወሩ በኮምፒውተር እየመጣልን ሰው በእግሩ የምናስኬደው ለምንድር ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የጨዋ ጥያቄ ስለ ሆነ፣ ደግሞም እኔ በዚህ ሙያ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ በምከራከርበት ነገር ላይ ስለ ወደቀ፣ በቃል የመለስሁላትን በጽሑፍ አስፍቼ ለማቅረብ ወደድሁ። ክትባቱ በምን ያህል ቅዝቃዜ እንደሚጠበቅና በየትኛው ሳምንት እንደሚሰጥ የሙያ ጓደኞቼ ያውቁታልና እርሱን በመድገም አላሰለቻቸውም።

ሽፋን የምንለው ነገር ክፍልፋይ ነው፤ በላዕሉ የተከተቡት፣ በታሕቱ ደግሞ መከተብ የሚገባቸው ይጻፋሉ። ለላዕሉ የማይደክም የለም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በታሊ ወረቀቷ ላይ ለእያንዳንዱ ሕፃን ጭረት ትጭራለች፣ ጤና ጣቢያው ይደምራል፣ ወረዳው ያጣራል፣ ዞኑ ይቆጣጠራል፣ ስንት ብልቃጥ እንደ ተከፈተና ከተከፈተው ስንቱ እንደ ተጣለ ሳይቀር በመዝገብ ይሰፍራል። ወደ ታሕቱ ስንወርድ ግን፣ ስንት እንጀራ እንደ ተበላ ጠንቅቆ ጽፎ ስንት ሰው እንደ ተጠራ የማያውቅ ደጋሽ እንመስላለን። በዚህ ሙያ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ ስለ ላዕሉ የተጠራ ስብሰባ ብዙ ተቀምጫለሁ፤ ስለ ታሕቱ ብቻ የተጠራ አንድ ስብሰባ እንኳ አላስታውስም።

ይህ ታሕት ከየት ይመጣል? አገራችን ሕዝቧን በመላው የቆጠረችው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምንም እንኳ ሕገ መንግሥቱ በየዐሥር ዓመቱ ቆጠራ እንዲካሄድ ቢያዝም፣ አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህም አንድ ወረዳ ዛሬ «ሕዝቤ ይህን ያህል ነው» ሲል፣ የ1999ኙን ቁጥር በሚገመት ዓመታዊ ዕድገት እያባዛ የደረሰበትን መናገሩ ነው፤ ያም የዕድገት ልክ ወጣቱ ወደ ከተማ የፈለሰበትንም፣ አዲስ እርሻ ተከፍቶ የቀን ሠራተኛ የጎረፈበትንም፣ ግጭት ያፈናቀለውንም ወረዳ በአንድ ዓይን የሚያይ ነው። ከዚያ በኋላ ከጠቅላላው ሕዝብ ከመቶ ሦስት ያህሉ ዕድሜው ከዓመት በታች ነው ተብሎ እንደገና ይባዛል፤ የሚገኘውም ፍሬ በጤና ኬላው ግድግዳ ላይ «የዓመቱ ዕቅድ» የሚል ርእስ ተሰጥቶት ይለጠፋል።

በአንድ ቀበሌ ላይ እንመልከተው። አምስት ሺህ ሰው ይኖርበታል የተባለ ቀበሌ በዚህ ስሌት 150 ሕፃናት ይወጡለታል። በእውነቱ ግን በቀበሌው ውስጥ 190 ሕፃናት አሉ እንበል፤ ሁለቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ዳገት ቁልቁለት ሳይሉ ደክመው 165ቱን ቢከትቡ፣ ወረዳው ሽፋኑን 110 ከመቶ ብሎ ይጽፋል፤ እውነተኛው ሽፋን 87 ከመቶ ነው፣ ያልተከተቡትም 25 ሕፃናት ናቸው። ከመቶ በላይ መሆኑ የሚያስቅ ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ስቀን ባለፍን ነበር፤ ነገር ግን ከመቶ ያለፈ ቀበሌ የቀረ ልጅ አለ ብሎ የሚፈልግ ሰው የለውም፣ ተጨማሪ ክትባት ቢጠይቅም «ሞልቶልሃል» ይባላል፣ እነዚያም ሃያ አምስቱ በወረቀት ላይ እንዳልተወለዱ ይቆጠራሉ።

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ወረዳ የሆነውን ልንገራችሁ። በዓመቱ መጨረሻ የግምገማ ስብሰባ ላይ የኩፍኝ ክትባት ሽፋኑ 112 ከመቶ መድረሱ ተነቦ፣ በጭብጨባ ታጅቦ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ፣ አጠገቤ የነበረውን የወረዳውን ባለሙያ «ወንድሜ፣ ከመቶው የተረፉት ዐሥራ ሁለቱ የማን ልጆች ናቸው?» ብለው፣ ረጋ ብሎ «የጎረቤት ወረዳ እናቶች ለገበያ ሲመጡ እዚሁ ያስከትባሉ» አለኝ። መልሱ ከፊል እውነት ነበረው፤ የጎረቤቱ ወረዳ ሪፖርት ዝቅ ብሎ ስለ ነበር ለአንዱ ምስጋና ለሌላው ተግሣጽ ተሰጠ፣ ገበያው ግን ያው አንድ ገበያ ነበር። በሚቀጥለው በጋ በዚያው በተመሰገነው ወረዳ ኩፍኝ ገባ። ከዚህ ሁሉ የከፋብኝ የሌላ ወረዳ ኃላፊ ነው፤ ከመቶ የሚበልጥ ቁጥር እንደሚያስተቸው ስለ ተረዳ 107 የነበረውን በገዛ እጁ ወደ 98 አወረደው፤ 98 ትሕትና ያለው ቁጥር ነውና ማንም አልጠየቀውም። የመጀመሪያው ስሕተቱን ይዞ መጣ፣ ሁለተኛው ግን የስሕተቱን ፋና አጠፋብን፤ በእኔ ሚዛን የሁለተኛው ጥፋት እጅግ ይከብዳል።

ቤት ለቤት ሄዶ የሚጠይቅ ጥናት ከዚህ ሕመም የሚድነው ታሕቱን ከቆጠራ ግምት ሳይሆን ከደጃፍ ስለሚያገኘው ነው፤ የተጠየቁት ልጆች ራሳቸው ታሕት ናቸው። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ በ2003 ዓ.ም. ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ልጆች መካከል አምስት በሽታዎችን የሚከላከለውን የፔንታ ክትባት ሦስተኛ መርፌ (ፔንታ 3) የወሰዱት 37 ከመቶ መሆናቸውን ሲገልጥ፣ የመሥሪያ ቤት ሪፖርቱ በዚያው ዘመን ከ80 ከመቶ በላይ ይል ነበር። የዚያን ጊዜ የነበረውን ድንጋጤ አስታውሳለሁ፤ ብዙ ሰው ጥናቱን ሐሰተኛ ለማድረግ ተነሣ፣ ታሕቱን ለመመርመር የተነሣው ግን ጥቂት ነበር። ነገሩን በትዕግሥት ለተመለከተ ሰው የጥናቱ ቁጥር ሐሜት ሳይሆን የምሥራች ነበረው፤ መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የጨረሱት ልጆች በ1992 ዓ.ም. 14 ከመቶ፣ በ1997 ዓ.ም. 20፣ በ2003 ዓ.ም. 24፣ በ2008 ዓ.ም. 39፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 43 ከመቶ ነበሩ። ይህ የእውነተኛ ድካም ዕርገት ነው። በሪፖርቱ ዓለም ከረጅም ጊዜ አስቀድሞ ከጫፍ ስለ ደረስን፣ እውነተኛው ዕርገት ሲመጣ የምናከብርበት ቦታ አልተረፈንም።

አሁን ወደ ሎንዶኑ መዝገብ ልመለስ፤ ልጄ የምላት ወጣቷ ባለሙያ እንዳለችው የሚያስቀና መዝገብ ነው። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከሕፃናቱ ክትባት ይልቅ ለመቁጠር አስቸጋሪ መሆኑንም አልክድም፤ ቫይረሱ ጠባዩን ስለሚለዋውጥ የዓለም ጤና ድርጅት የክትባቱን ቅመም በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ለሰሜኑ አንዱን ለደቡቡ የምድር ክፍል ይወስናል፤ ዓምና የተከተበ ሽማግሌም ዘንድሮ ካልተከተበ ባዶ ሆኖ ይቆጠራልና ላዕሉ በየወቅቱ ከዜሮ ይጀምራል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2003 እ.ኤ.አ. አገሮች ከአረጋውያኖቻቸው 75 ከመቶውን እንዲከትቡ ግብ ባስቀመጠ ጊዜ፣ የእንግሊዝ መዝገብ ይህን ግብ ለመከታተል ከተዘጋጁት መዛግብት ከፊተኞቹ ተርታ ነበረ። ነገር ግን በእንግሊዝ ሐኪሞች ዘንድ የተመዘገበው ሰው ከአገሩ ነዋሪ ግምት በሚሊዮን የሚቆጠር ብልጫ አለው፤ የሞተው ሳይሰረዝ፣ ቤት የለወጠው በሁለት ቦታ ተጽፎ፣ ወደ ባሕር ማዶ የሄደውም ስሙ ሳይነሣ ይቀራልና። የእኛ ታሕት ከእውነቱ በማነሱ ሽፋናችንን ሲያሳብጥ፣ የእነርሱ ታሕት ከእውነቱ በመብለጡ ሽፋናቸውን ያኮስሳል። በአሜሪካ ደግሞ ክትባቱ ከስድስት ወር ሕፃን ጀምሮ ለሁሉም ሲመከር ስለ ቆየና ሰው በየፋርማሲው ስለሚከተብ፣ አብዛኛውን ግምት የሚያገኙት ስልክ እየደወሉ «ዘንድሮ ተከትበዋል?» ብለው በመጠየቅ ነው፤ የእኛ ሰው በእግሩ የሚሄድበትን እነርሱ በስልክ ይሄዱበታል እንጂ ከመጠየቅ አልዳኑም። ስለዚህ ለልጄ የሰጠኋት መልስ፣ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ያፈጥነዋል እንጂ አያርመውም፤ የተሳሳተ ታሕት በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሰን የነበረው አሁን በየወሩ ይደርሰናል፣ የሚል ነበር።

ታሕቱን ጨርሰን እንተወው፣ የማቋረጥ መጠንን ብቻ እንከታተል የሚሉ አስተዋዮችም አሉ። በ2008ቱ ጥናት ፔንታ 1ን የወሰዱት 73፣ ፔንታ 3 የደረሱት 53 ከመቶ ነበሩ፤ የጀመረውን ካልጨረሰው ጋር ለማወዳደር የሕዝብ ግምት አያስፈልግም። ወረዳዎች ይህን እንዲያሰሉ እኔም እመክራለሁ። ነገር ግን ፈጽሞ ያልጀመረው ልጅ በዚህ ስሌት ውስጥ በላይም በታችም የለበትም፤ እኔም ቤት ለቤት የምዞረው ከሁሉ ይልቅ ስለ እርሱ ነው።

ቤት ለቤት መሄድም ራሱ ጥበብ ይጠይቃል። ሄንደርሰንና ሰንዳሬሳን በ1982 እ.ኤ.አ. የመረመሩት የቀድሞው ዘዴ ሠላሳ መንደር መርጦ ከየመንደሩ ሰባት ልጅ፣ በድምሩ 210 ልጅ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ጠያቂው በመንደሩ መካከል ቆሞ እስክርቢቶ ያሽከረክርና ጫፉ ወደ ጠቆመበት አቅጣጫ ይጓዛል፤ ከመጀመሪያው ቤት በኋላም በቅርቡ ወዳለው ደጃፍ እያለፈ ሰባቱን ይሞላል። ቀላል፣ ርካሽ፣ ለዘመኑም ታላቅ ሥራ ነበር። ግን በመንደሩ መካከል ማን ነው የሚኖረው? ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የሊቀ መንበሩ ቤት፣ ጤና ኬላው በዚያ ነው፤ እስክርቢቶውም ወደ የትም ቢዞር ከዚያው ይጀምራል። አንድ ጊዜ ሰባቱ ልጆች ሞልተው ቡድኑ ዕቃውን ሲሰበስብ፣ ከወንዙ ማዶ ጢስ አየሁና ቤቶች አሉ ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ መንገድ መሪያችን የነበረው ጎልማሳ «እነርሱ እኮ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው» አለኝ፣ ይህም መልስ የሚበቃ መስሎት። ተሻግረን ስንሄድ አንዲት እናት ያልተተኮሰ ጀበና በጭኗ ላይ አስደግፋ በለዘበ ድንጋይ ታሻሽ ነበር፤ አጠገቧ ከሚጫወቱት ልጆች መካከል ካርድ ያለው አልነበረም፣ የቤተሰብ ማኅደርም በስማቸው አልተከፈተም። «ሌላ ጊዜ ደግሞ ማን መጥቶ ነበር?» ብላት ቀና ሳትል «ጀበና የሚገዛ» አለችኝ። እነዚህ ልጆች በወረዳው ታሕት ውስጥ አልነበሩም፣ በእስክርቢቶውም ታሕት ውስጥ አልነበሩም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው አዲስ መመሪያ እስክርቢቶውን ትቶ፣ በመንደሩ ያሉት ቤቶች ሁሉ አስቀድሞ ተዘርዝረው ዕጣ እንዲወጣ ማዘዙን ባነበብሁ ጊዜ ያችን ሴት አስታወስሁ። መዘርዘሩ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል፤ ይፍጅ።

የደጃፉ ሁለተኛ ጭንቅ ዕድሜ ነው። ልጁ 12 ወር ሞልቶታል ወይስ አልሞላውም የሚለው ጥያቄ እርሱን ከታሕቱ የሚያስገባ ወይም የሚያስወጣ ሲሆን፣ ካርድ የሌላት እናት ልደቱን የምታስታውሰው በበዓል ነው። ለኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ወይም ለጥምቀት ማግስት ያለችን እንደሆነ ቀኑ ቋሚ ነውና ደስ ይላል፤ በሆሳዕና ሳምንት ያለችን እንደሆነ ግን የየትኛው ዓመት ሆሳዕና እንደ ሆነ ማወቅ አለብን። የ2008 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 23፣ የ2009ኙ ሚያዝያ 8 ቀን ነበር፤ ይህን ያልተረዳ ጠያቂ በአንድ ልጅ ዕድሜ ላይ ግማሽ ወር ይስታል። መውሊድና ዐረፋ ደግሞ በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ እየመጡ ስለሚዞሩ ለሙስሊም መንደሮች ሌላ ሰንጠረዥ ይዘን እንሄዳለን። አባቴ በደብራችን መሪጌታ ነበሩና በልጅነቴ መጥቅዕና አበቅቴ እያስቆጠሩ በአርጩሜ ያስተማሩኝን ባሕረ ሐሳብ፣ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ ጥቅም የሌለው ሸክም አድርጌ ቈጥሬው ነበር፤ በጥናት መስክ ላይ ግን ከኮሌጅ ሒሳቤ ይልቅ ያገለገለኝ እርሱ ነው። አባቴ በሕይወት ሳሉ ይህን ስነግራቸው፣ ትንሣኤን ለማግኘት የተሠራ ሐሳብ ለመርፌ መዋሉን ሰምተው ጥቂት አሰቡና «ሁለቱም ስለ ሕይወት ነው» ብለው ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

ከበዓላት ሁሉ የሚበልጠው ምስክር ክርስትና ነው። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ፔንታ 1 የሚሰጠው በስድስተኛው ሳምንት፣ ማለት በ42ኛው ቀን ነው። ስለዚህ የወንድ ልጅን እናት «መርፌው ከክርስትናው በፊት ነው በኋላ?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም ቀን መቁጠሪያ ይበልጣል፤ ሴት ልጅ ደግሞ ጊዜዋን ጠብቃ ከተከተበች ሁለቱን መርፌ ከክርስትናዋ አስቀድማ፣ ሦስተኛውን በ98ኛው ቀን ከክርስትናዋ በኋላ ታገኛለች። የሳንባ ምች ክትባት በ2004 ዓ.ም. ከተጨመረ ወዲህ በአንድ ቀን ሁለቱም ጭን ስለሚወጋ፣ «ስንት ጊዜ ተወጋ?» ያላት ሰው ስድስት የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል፤ መጠየቅ የሚገባው ስንት ቀን ሄዳ እንዳስወጋች ነው። የአፍ ጠብታውም በዘመቻ ጊዜ እስከ ቤት ስለሚመጣ ብቻውን ምስክር አይሆንም። እነዚህን ነገሮች ምንም ኮምፒውተር አላስተማረኝም፤ እናቶች ናቸው ያስተማሩኝ።

አንድ ቀን እንዲህ ቤቶቹን ስንዘረዝር አንድ ሽማግሌ በትራቸውን በደጃፋቸው ላይ አግድመው፣ ዳዊት ሕዝቡን በመቁጠሩ ሰባ ሺህ ሰው በመቅሠፍት አልቋልና ቤቴን አትቆጥሩም አሉን። ምን እንደምመልስ ሳስብ፣ በዚያ ያልፉ የነበሩ አንድ ቄስ ቆም ብለው፣ ሙሴስ በእግዚአብሔር ትእዛዝ አልቆጠረምን፣ ኦሪት ዘኍልቍ በምን ምክንያት ተጻፈ ብለው ተከራከሩልን፤ ሽማግሌውም በትራቸውን አነሡ። ወደ ቤቴ ስመለስ መጽሐፉን ገልጬ ባነበው ተደነቅሁ፤ ሙሴ 603,550 ሰው ከመቁጠሩ በፊት የሚቆጠረው ዕድሜው ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ለሰልፍ የሚወጣ ወንድ ብቻ መሆኑ ተወስኗል፣ ሌዋውያንም ከዚህ ወጥተው ለብቻቸው ከአንድ ወር ሕፃን ጀምሮ ተቆጥረዋል። ማን በታሕቱ ውስጥ እንደሚገባና ማን እንደማይገባ ከቆጠራው በፊት እንዲህ አጥርቶ የጻፈ የጥናት ሰነድ በእጄ የገባው ጥቂት ነው።

የኢንፍሉዌንዛን ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር አዲስ አበባን የመታው የኅዳር በሽታ የዚሁ ሕመም ታላቁ መቅሠፍት ነበር፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል፣ ዛሬም በኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ጥራጊ የሚቃጠለው በእርሱ መታሰቢያ ነው። የሟቾቹን ብዛት ብዙ ሰዎች ገምተዋል፤ የከተማው ነዋሪ ግን በዚያ ዘመን ተቆጥሮ ስላልነበረ ከስንት ሰው ስንቱ እንደ ሞተ በእርግጥ ሊናገር የሚችል የለም። ላዕሉ በመቃብር ተጽፎ ታሕቱ የጠፋ ክፍልፋይ ነው። በቢሮ ተቀምጬ ሰንጠረዥ ሳገላብጥ ልጅ ለእኔ ከ150 አንድ ነው፤ በደጃፍ ቆሜ ስሙን፣ የክርስትናውን ቀንና የታመመበትን ወራት ከእናቱ ከሰማሁ በኋላ ግን፣ በወረዳው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር እርሱ ጎድሎበት እንደ ሆነ ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልም። ይህ ጠባይ በስብሰባ ላይ ተወዳጅ አላደረገኝም፤ ቢሆንም በጡረታዬ ዋዜማ የምለውጠው አይደለም።

ስለዚህ በየወረዳውና በየዞኑ ያላችሁ ባልደረቦቼን አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ በምትልኩት እያንዳንዱ የሽፋን ቁጥር ሥር ታሕቱ ስንት እንደ ሆነ፣ ከየትኛው ቆጠራ ወይም ምዝገባ እንደ ተገኘና የስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ሆነ በአንድ መስመር ጻፉልን። ከመቶ በላይ የወጣውንም ወደ 98 አታውርዱት፤ እንዳለ ላኩት።